ለገና የተያዘ ጥቁር ቀሚስ

አስካለች ሶዶ ገበያ ውስጥ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከገጠር ቅቤ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። አስካለች ቅቤን ላዩን አይታ አትገዛማ! ቀጭን እንጨቷን እስከ መሃሉ ትሰካና መዝዛ ታሸታለች፣ በምላሷ ጫፍ ትነካለች፣ ከዚያ ሻጩን ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ላዩ ቢጫ፣ ሆዱ ግን ሙዝ የተለወሰበት ስንት ቅቤ ይዛለች መሰላችሁ! «ነገር ሲያምርብኝ ነው የምፈራው» ትላለች። ይሄ ጠባይዋ እዚያው ገበያ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ግን ማታ ማታ ከዘንቢሏ ጋር ቤት ይገባል።

እና ባሏ አንጁሎ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ እራት ላይ፣ ያቺን ቃል ከመተንፈሱ በፊት ከማን ጋር እንደሚያወራ ማሰብ ነበረበት።

«የቤኒ እናት» አለ፤ በመጀመሪያ ልጃቸው ስም ነው የሚጠራት፤ «ገናን አዲስ አበባ ብናሳልፍስ?»

አስካለች የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። «ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ዞር ዞር ብለን ከተማውን ብናይ ብዬ ነው። አንበሳውን፣ ፏፏቴውን፣ አዲሱን መብራት… እንደ ሌላው ሰው።»

«እኛ ደግሞ መቼ ነው እንደ ሌላው ሰው የሆንነው?»

አንጁሎ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የአማዞንን ወንዝ ከምንጩ እስከ ባሕሩ በጠመኔ ይስላል፤ ሚስቱን ግን በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ከአረካ ወዲያ ወስዷት አያውቅም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዝምተኛ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ቤተክርስቲያኑ፣ በቃ። ፍቅሩን በሆዱ ይዞ ሃያ አምስት ዓመት የኖረ ሰው ድንገት ተነሥቶ «አንበሳ ላሳይሽ» ሲል ማን ያምነዋል?

«ሴት ይዞ ይሆን?» ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ ለራሷ ሳቀች። አንጁሎና ሴት! የገዛ ካልሲው የት እንዳለ ለማወቅ እሷን ከገበያ የሚጠራ ሰው፣ ሌላ ሴት በምን አቅሙ ይይዛል? ያ ሐሳብ ማዕዱ ሳይነሣ ተሰረዘ።

ግን አንድ ነገር አለ። አንድ ነገርማ አለ! ልጇ ማክዳ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ስልክ የምትደውለው አንድ ነገር ሲጎድልባት ብቻ ነበር። አሁን በየጠዋቱ «እማዬ፣ በላሽ?» ትላለች። ልጇ ቤኒ ቢጠና ላይ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል፤ ለበዓል እንኳ ተለምኖ የሚመጣ ልጅ፣ ያለ ምንም በዓል ሁለት ቅዳሜ ተከታትሎ መጥቶ አጠገቧ ዝም ብሎ ቁጭ አለ። የጎረቤቷ የዓመለወርቅ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ዓመለወርቅ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ጎመን በበላች ዶሮ ምክንያት ክረምቱን ሙሉ ተኮራርፈው ነው የከረሙት። ታዲያ አንድ ቀን ዓይኗን በጨው አጥባ የአጃ ሾርባ ይዛ መጣች።

«ለጨጓራሽ ብዬ ነው» አለች፤ ሾርባውን ስታስቀምጥ እጇ ይንቀጠቀጣል።

እርግጥ ጨጓራዋ ካስቸገራት ሰንብቷል። ኅዳር ላይ አንጁሎ ሐኪም ቤት ወስዷት፣ በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተው አዩና ለምርመራ ትንሽ ሥጋ ቆንጥረው ወሰዱ። ውጤቱን እሱው ሄዶ አመጣ። «ጨጓራ ነው። ዳጣና ቃሪያ ተይ ተብለሻል» አላት። ዳጣ ሳይነካው የሚበላ ነገር ምኑን ምግብ ሆነ ብላ ሳምንት ተነጫነጨችና ተወችው። ለጨጓራ ብሎ ጎረቤት እጁ አይንቀጠቀጥም።

ዓመለወርቅ ከወጣች በኋላ ሳህን እያጠበች ሳለ ነገሩ ድንገት በራላት። እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«መርዶ ነው» አለች። «ሰው ሞቶብኛል።»

እንዴት እስከዛሬ አልገባኝም ብላ በራሷ ተናደደች። ሰው ሲሞት በስልክ «ሞተብሽ» አይባልም። ሐዘንተኛዋ ትዘናጋለች፣ እንድትበላ ይደረጋል፣ ወሬ እንዳያመልጥ ስልኳ ይጠበቃል። በዓል የደረሰ እንደሆነ ደግሞ በዓሉ ይታለፋል፤ በገና ዕለት መርዶ የሚያረዳ ጨካኝ የለም። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። አስካለች ይሄን ሥራ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የዓመለወርቅ አባት ያረፉ ጊዜ ማን ነበር ያዘናጋት? እሷው! «ነይ ቅቤ አብረን እናንጥር» ብላ ቤቷ ወስዳ፣ የቡላ ገንፎ እያበላች፣ ስልኳን «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብላ ደብቃ፣ የደብረ ማርቆስ ዘመዶች ሶዶ እስኪገቡ ድረስ አስቃታለች። አሁን ዓመለወርቅ በተራዋ ሾርባ ይዛ መጣች። እሷን ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ወስደው ሊያዘናጉ ነው። ሶዶ ላይ ከቆየች አንድ አፈ ሰፊ ገበያ መሃል «እግዜር ያጥናሽ» ይላታላ!

ማነው ግን የሞተው?

ሁለት ሰው ነበር በልቧ። አንዱ ታናሽ ወንድሟ ኤልሳዕ፣ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራው፤ እዚያ አገር ዘራፊው ብዙ ነው። ሁለተኛዋ እናቷ። እናቷ ፈጠነች ትባላለች፤ ሁምቦ ቆላ ውስጥ፣ ከልጅነት ቤቷ አልወጣም ብላ ብቻዋን ትኖራለች። አርጅታለች፤ ሙቀቱም ድርቁም ያደክማታል።

ለምን አትጠይቅም ትሉኝ ይሆናል። አንጁሎን ደረቱን ይዛ «ተናገር!» ማለት አቅቷት አይደለም፤ ለእሱ አታንስም። ግን ከጠየቀች ይነገራታል። ካልጠየቀች ደግሞ ወንድሟም አለ፣ እናቷም አለች። ፈራች፤ እውነቱ ይሄ ነው። አንጁሎ እሺ ትበል አትበል እያየ ሲጠብቃት «ደግ፣ እንሂድ» አለችው። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ታዲያ ከሥር፣ ከፎጣው በታች፣ ጥቁር ቀሚሷን አጣጥፋ ከተተች። መርዶ በሰው አገር ሲነግሯት በአበባ ቀሚስ ልትቆም ኖሯል?

አውቶቡሱ ከሶዶ መናኸሪያ የተነሣው በማለዳ ነው። አንጁሎ የመስኮቱን ወንበር ለቀቀላት፤ ይሄም ለወትሮው የሱ ነበር፤ «መልክዓ ምድሩን ላይ» እያለ ማንንም አያስጠጋም። አረካን አልፈው የሆሳዕናን መንገድ ሲይዙ ሙዝ ልጦ ሰጣት። ልጦ! አስካለች ሙዙን ይዛ ዓይኑን አየችው። ዓይኑን ሰበረ።

ሆሳዕና ላይ እሱ ውሃ ሊገዛ ሲወርድ ፈጠን ብላ ለኤልሳዕ ደወለች። በዋትስአፑ ጥሪው ሲጮህ ልቧም አብሮ ይጮሃል።

«ሃሎ? እህቴ?»

እግዚአብሔር ይመስገን! ድምፁ የራሱ ነው። «ደህና ነህ? ምንም አልሆንክም? ማልልኝ።»

«ደህና ነኝ ስልሽ። አንቺ እንዴት ነሽ? መንገድ ላይ ናችሁ አይደል?» ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር አመጣ። «አስኩ፣ እወድሻለሁ እሺ? አታውቂውም እንጂ በጣም ነው የምወድሽ።»

ስልኩን ዘግታ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ኤልሳዕ በሕይወቱ ለማንም እወድሻለሁ ብሎ አያውቅም። ስንብቱ እንኳ «በቃ ካርድ አለቀብኝ» ነበር። እንዲህ አንጀቱ የተላወሰው እናቱ ሞታበት ነው። እናቴ ናት፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ወደ ሁምቦ ስትደውል የእናቷ ስልክ ዝግ ነው። ቡታጅራ ላይ ሞከረች፤ ዝግ። አዲስ አበባ ሲገቡ ሞከረች፤ ያቺ የቴሌ ሴትዮ በዚያ በማይሰለቻት ድምጿ ማግኘት አይችሉም አለቻት።

ያረፉት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ የአንጁሎ እህት ሰብለ ቤት ነው። ሰብለና አስካለች እንደ ምራትና አማት ልጅ ተቻችለው የኖሩ ናቸው፤ ሰላምታቸው ጀርባ መታ መታ አድርጎ የሚያልፍ ነበር። አሁን ሰብለ በሩ ላይ አቅፋ አልለቅ አለቻት። አስካለች በትከሻዋ በኩል አንጁሎን ስታየው እሱ ጣራውን ያያል። «ለእህቱም ነግረዋታል» አለች በሆዷ። «አገር ያወቀውን እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።» ያመጣችውን ቅቤና ዳጣ አስረከበችና፣ ደክሞኛል ብላ ቶሎ ተኛች።

በማግሥቱ ጉብኝቱ ተጀመረ። ምስኪን አንጁሎ! እንደ አስጎብኚ ከፊት ከፊት እየሄደ ያስረዳል፦ ይሄ እንትን ነው፣ ያ በእንዲህ ዓመት ተሠራ። ፓርኩ ውስጥ ጎፈሩ ጥቁር የሆነውን አንበሳ በመስታወት ውስጥ አዩት። አንበሳው አዛጋ። አስካለች በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይላት ነበር፤ ልጅ ሳለች አንበሳ ለማየት ስንት ተመኝታለች! አሁን ግን የአንበሳውን ጥርስ እያየች የምታስበው የእናቷን ሣጥን ማን እንደገዛ ነው።

«እዚህ ጋ ቁሚ፣ ፎቶ ላንሣሽ» አለ አንጁሎ።

«ና አብረን እንነሣ፤ ለሰው እንስጥ።»

«የለም የለም፣ አንቺ ብቻሽን። ሳቅ በይ።»

አንበሳው ጋ ብቻዋን፣ ፏፏቴው ጋ ብቻዋን፣ ባለመብራቱ ዛፍ ሥር ብቻዋን አነሣት። ሶዶ ላይ ለቤኒ ምረቃ እንኳ ካሜራ ሲያዩት የሚሸሽ ሰው! መብራት ባሸበረቀው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ሲሄዱ ደግሞ እጇን ያዛት። በአደባባይ፣ ሰው እያየ፣ ጣቶቹን በጣቶቿ መሃል አስገብቶ። እጇን ለመንጠቅ ቃጣትና ተወችው፤ እጁ ይሞቃል። እንዲህ ያለ ባል እያለኝ ነበር እንዴ የኖርኩት አለች፤ ከዚያ ደግሞ ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ስለሚያዝንልኝ ነው ብላ ተናደደች።

አንድ ሱቅ አስገብቶ አረንጓዴ ቀሚስ ገዛላት፤ ጥሩ፣ ዓይን የሚስብ አረንጓዴ። «ለገና ልበሺው።» እሷ ግን የመርዶ ዋዜማ አዲስ ልብስ መልበስ ግፍ መሰላትና «ለሶዶ ይቆየኝ» ብላ ከነከረጢቱ አስቀመጠችው።

«ለምን ለሶዶ? አሁን ልበሺው» አለ አንጁሎ፤ ቁጣ የመሰለ ነገር በድምፁ ውስጥ ነበረ። «ነገር ሁሉ ለኋላ፣ ለኋላ! አሁን አይለበስም?»

በዚያው ቀን ማታ ላይ ፎጣ ፍለጋ ሻንጣውን ከፈተ። አስካለች አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ትፈታለች። ፎጣውን ሲስብ ጥቁሩ ቀሚስ ተከትሎ ወጣ። አንጁሎ ቀሚሱን ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ ለምንድነው?»

«መቼም መንገድ ነው» አለች አስካለች፤ ዓይኗን አልነቀለችለትም። «ሰው ምን እንደሚገጥመው አያውቅ።»

ቀሚሱን ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰበር ዕቃ፣ ወደ ቦታው መልሶ መታጠቢያ ቤት ገባ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ሲወጣ ዓይኑ ደም መስሏል። «ሳሙና ገባብኝ» አለ። ይሄ ሰው መዋሸት እንኳ አልተማረም! አስካለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንግዲህ እናቷ ለመሞቷ ምስክር አገኘች። በብርድ ልብሱ ውስጥ አፏን በእጇ አፍና አለቀሰች። እናቷ ለትምህርት ሶዶ ስትልካት እስከ አስፋልቱ በእግር የሸኘቻት፣ ከሁምቦ በቆሎ በጋሪ ጭና የምትልክላት፣ አንድ በአንድ መጣባት። አንጁሎም ከጎኗ አልተኛም፤ ትንፋሹ ያስታውቃል።

የገና ዕለት ጠዋት ቤተክርስቲያን ሄዱ። መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ ሕፃናት እረኛና መልአክ ሆነው ይጫወታሉ፤ አስካለች ምን እንደተባለ አልሰማችም። ምሳ ላይ ሰብለ ጠረጴዛውን ሞላችው፤ ሥጋው፣ ቆጮው፣ አይቡ። አስካለች ጥቂት ቀመሰችና አልወርድ አላት። ቀና ስትል አንጁሎም ሰብለም መብላት ትተው የእሷን ሳህን ያያሉ።

«አትብላ የተባለ አለ እንዴ? ምን ታዩኛላችሁ?» አለች።

ሁለቱም ባንዴ ጎረሱ።

እጇን ልትታጠብ ስትነሣ ሰብለ ወጥ ልጨምር ብላ ኩሽና ገባች፤ አንጁሎም ተከተላት። አስካለች ኮሪደሩ ላይ ጆሮዋን ጣለች። ሰብለ በሹክሹክታ ታወራለች። «ነገ ማለዳ ይመጣሉ። ከቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሬያለሁ። በአንድነት ሆነው ቢነግሯት ይሻላል። አንተ አትችለውም።» አንጁሎ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ።

ነገ ማለዳ። በቃ፣ ተቆረጠ።

አስካለች ስልኳን ይዛ ወጣች። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ፣ አንድ ፎቅ ወረድ ብላ፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌ እስኪነግራት ልትጠብቅ አልቻለችም። እናቴን እንግዳ ሰው አይነግረኝም አለች። ያሬድ ትዝ አላት፤ ሁምቦ የእናቷ ጎረቤት፣ የዚያች ትንሽ ቤተክርስቲያን ወንጌላዊ። ደወለች። አነሣ።

«ያሬድ፣ አስካለች ነኝ። እንዳትደብቀኝ። እናቴ መቼ ተቀበረች?»

«እንዴ!» አለ ያሬድ። «ምን ነካሽ አስካለች? ማን ቀበራት? እሷ እኮ እኛ ቤት ናት! ገናን እየበላች ነው!»

«ማልልኝ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው ይሄ! ቆይ፣ እሷኑ ላቅርብልሽ።»

የሰው ድምፅ፣ የዕቃ ኳኳታ፣ ከዚያ ያ የምታውቀው ትንፋሽ። «አስካለች? ልጄ?» በወላይትኛ።

አስካለች ጮኸች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። «እናቴ! አለሽ! አለሽ እኮ! ለምን ስልክሽን ዘጋሽብኝ? ገደልሽኝ እኮ!»

«ዝጊው ብለውኝ ነው» አለች እናቷ። ድምጿ ተሰበረ። «ድምፅሽ ያሳብቃል፣ ማልቀስሽን ትሰማለች አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ ልጄ? ሌሊትም ቀንም እየለመንኩት ነው። ጌታ ሆይ፣ እኔ እዚህ አርጅቼ ተቀምጬ፣ እሷን ለምን? እኔን ውሰደኝ፣ እኔ ልቅደም አልኩት። ልጅ ናት እናቷን የምትቀብር። እንዴት እኔ…»

አስካለች መዳፏን ከግድግዳው ላይ አወረደች። ከዚያ አሮጊቷ ፈርታ፣ ቀስ ብላ ጠየቀች፦ «የቤኒ አባት ነግሮሻል፣ አይደል?»

«አዎ፣ ነግሮኛል» አለች አስካለች። «ነግሮኛል እናቴ። አታልቅሺ። ብዪ፣ ምግብሽን ብዪ። መልካም ገና።»

ስልኩ ጨለመ፤ እሷ ግን ከጆሮዋ አላነሣችውም። ኤልሳዕ አነሣ። ቤኒ ትናንት አነሣ። ማክዳ ዛሬ ጠዋት አነሣች። እናቷ አነሣች። የምትወደው ሰው ሁሉ አለ፤ ሁሉም ደህና ነው፤ ሁሉም ስልኩን አነሣ። የቀረ ሰው የለም።

ከዚያ ያ ቱቦ ትዝ አላት። ከሆዷ የቆነጠሩት ሥጋ። ብቻዋን የተነሣቻቸው ፎቶዎች። «ነገር ሁሉ ለኋላ፣ ለኋላ!» ብሎ የተቆጣው። ጥቁሩን ቀሚስ ሲያይ አመድ የመሰለው። ሰውን ሁሉ ገድላ ስትቀብር ሰንብታ፣ እንጨቷን ወደ ራሷ ለመስካት አንድም ቀን አልታሰባትም።

ከላይ የእግር ኮቴ መጣ። አንጁሎ ነው። «የቤኒ እናት፣ ምነው ወጣሽ? ብርድ ነው እኮ። ማን ጋ ነበር የምትጮሂው?»

«እናቴ ጋ።»

ደረጃው መሃል ላይ ቆመ።

«አንጁሎ» አለችው፤ በስሙ ስትጠራው ብርቅ ነው። «መርዶው የኔ ነው?»

ከእሷ ከፍ ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና፣ እንደ ሕፃን፣ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። አስካለች ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። «ሐኪሙ ንገራት ብሎኝ ነበር» አለ በመሃል በመሃል። «እኔ ነኝ ያቃተኝ። ስንት ጊዜ ልነግርሽ ተነሣሁ፤ አፌ እንቢ አለ። ጨጓራሽ ላይ… ካንሰር ነው አስኩ። ከነገ ወዲያ እዚህ ትልቅ ሐኪም ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። ቀዶ ጥገና ይቻል እንደሆነ ያይልናል። ተስፋ የለውም አላሉኝም፤ እመኚኝ። ብቻ በፊት በዓሉን ደስ ብሎሽ እንድታሳልፊ ብዬ…»

«ደስ ብሎኝ?» አስካለች ተነሣች። «እናቴን ስቀብር ነው የሰነበትኩት! አንበሳ ፊት ቆሜ ሣጥኗን ስመርጥ ነበር! አንተ ሳቅ በይ እያልክ ፎቶ ታነሣኛለህ፣ እኔ በሆዴ ለቅሶ ተቀምጫለሁ! እናቴን ስልክ አዘግተህ፣ ልጆቼን አስተምረህ፣ ጎረቤቴን ሾርባ አሸክመህ፤ አገር ሁሉ ስለኔ ሲያለቅስ እኔን ረሳችሁኝ? የራሴን ነገር እንግዳ ሽማግሌ በጠዋት መጥቶ ሊነግረኝ?»

«በሥርዓት ይሁን ብለን ነው…»

«ሥርዓቱ ለሞተ ሰው ነው! እኔ እዚህ ቆሜያለሁ!»

ድምጿ በደረጃው ላይና ታች አስተጋባ። አንድ በር ተከፍቶ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ ቁጣዋ እንዳመጣጡ ወረደና፣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ፈራሁ አንጁሎ» አለች።

«እኔም።»

«ከዛሬ ጀምሮ የኔን ነገር ከኔ በፊት የሚሰማ የለም። ሐኪሙ ጋ እኔ ነኝ የምገባው፤ አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ። የሚለውን እኔ ራሴ እሰማለሁ። ማልልኝ።»

ማለላት። አፍንጫውን በመሐረቡ ጠረገና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ሽማግሌዎቹን ቅሩ ልበላቸው።»

አስካለች እጁን ያዘችው። ትንሽ አሰበች። «ተዋቸው» አለች። «ይምጡ።»

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ነቃች። አንጁሎና ሰብለ ሳሎን ውስጥ የሚሆኑትን አጥተው ቁጭ ብለዋል። እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ታጠበች፣ ፀጉሯን አበጠረች። ጥቁሩን ቀሚስ ከሻንጣው ሥር አወጣችና ለሰብለ ሰጠቻት፦ «ውሰጂው፣ ቁራጭ አድርጊው። ወለል ይወለወልበታል።» ከዚያ አረንጓዴውን ቀሚስ ከከረጢቱ አውጥታ ለበሰችው። ወገቡ ላይ ሰፍቷታል፤ መክሳቷን አሁን ነው ያስተዋለችው። በመቀነት ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

በሩ ተንኳኳ። አንጁሎ ሊነሣ ሲል በእጇ አስቀመጠችውና ራሷ ከፈተች። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ለለቅሶ እንደመጣ ሰው ፊታቸውን አጥቁረው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው በአረንጓዴ ቀሚስ የቆመችውን ሴት ሲያዩ ግራ ገባቸው።

«እንደምን አደራችሁ፣ ግቡ» አለች አስካለች። «የሞተ ሰው የለም። ቁርስ ግን አለ።»